እናቷ ዘንድ ናት

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክንዱ፤

ሰላምታውን ልጽፍልህ ስል እጄ እንቢ አለኝ። ኋላ ሳስበው ግን ሰላምታ የሚነፈገው ጠላት ነው፤ አንተ የልጄ ባል ነህ፣ የኪዲ አባት ነህ። እንግዲያውስ እንደምን ሰነበትህ? ኪዲስ እንዴት ናት? እኔን ግን እንዴት ነዎት ብለህ አትጠይቀኝ።

ማክሰኞ ማለዳ የግቢዬ ቆርቆሮ ተንኳኳ። በእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት የሚንኳኳው ውኃ የመጣ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ ጄሪካኔን አንጠልጥዬ ወጣሁ። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ምናሴ ቆሟል፤ ከኋላው ጎረቤቶቼ ተኮልኩለዋል። «ውኃው ስንት ሰዓት መጣ?» አልኋቸው። አቶ ምናሴ ጄሪካኑን ከእጄ ተቀበለና «ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ» አለኝ። «ቆሜ ልስማው» አልሁ። «እኛ ደግሞ ሳይቀመጡ አንነግርም» አለ። ከዚያች ማለዳ ወዲህ ያን ጄሪካን አልነካሁትም።

ሔራኔ በገና ማግስት ሞተች አሉኝ። ቀብራችኋት፣ አርባዋን አውጥታችሁ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ የእኔ ለቅሶ ተጀመረ። ለቀስተኛው ገና ዛሬ የሞተች ይመስል ደረቱን ሲደቃ፣ እኔ በልቤ «አፈሩ እንኳ ደርቋል እኮ» እላለሁ።

ስልኩ ከተዘጋ፣ መንገዱም እንዲህ ከሆነ ወዲህ በእኔና በእናንተ መካከል ያለው የኢስሀቅ ጀልባ ብቻ ነው። ከጥምቀት በኋላ ያመጣልኝ ደብዳቤህ እጄ ላይ አለ። «ሔራን ደህና ናት፤ ትንሽ ድካም ብቻ ነው፤ ሰላም ብላዎታለች» ይላል። ከመቃብር ሆኖ ሰላም የሚል ሰው ያንተን ሚስት አየሁ። ኢስሀቅን ሐይቁ ዳር ድረስ ሄጄ ያዝሁት። «አንተ ታውቅ ነበር?» አልሁት። ዓሣውን እየደረደረ፣ ቀና ሳይል፣ «እማማ፣ እኔ ዓሣና ወረቀት ነው የማመላልሰው፤ መርዶ የእኔ ሥራ አይደለም» አለኝ። ደብዳቤውም በየኬላው እየተከፈተ እንደሚነበብ ነገረኝ። ይነበብ፤ እኔ የምደብቀው የለኝም። የሚደብቁ ሌሎች ናቸው።

ምን ገደላት? ስለ ምንስ ዋሸኸኝ?

ፀሐይወርቅ


ቆላ ድባ
መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚህ ሌላ የምጀምርበት ቃል አጣሁ።

አልዋሸሁዎትም፤ ጊዜ ጠበቅሁ። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ብቻዎን ተቀምጠው ደብዳቤ ሲከፍቱ ቢያገኙት ማን ይይዝዎታል? ማን ውኃ ያቀብልዎታል? ሽማግሌዎቹ «ሰው ተልኮ እስኪያረዷት ድረስ ደህና ናት በል» አሉኝ፤ እንዳሉኝ አደረግሁ። ለአቶ ምናሴ ቃል የሚያደርስ ሰው እስካገኝ ጊዜው ሄደ።

ስለ ሕመሟ ለጠየቁኝ፣ መጀመሪያ ድካም ነበር፤ ኋላ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ እህል እንቢ አለች፣ ሆዷ አበጠ። የወፍ በሽታ ነው። ቤታችን ከእህል መጋዘኑ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያውቃሉ፤ ጣራው ሥር የሌሊት ወፍ ሞልቷል፤ አንዱ በላይዋ ሳያልፍባት አልቀረም። እናቴ እንደ ወለደቻት ነው ያስታመመቻት። የወፍ መርፌ አይወድም፤ መርፌ የነካው በሽተኛ እንደማያድር አገር ያውቃል። ስለዚህ አንዲት መርፌ ሳትነካት ጠበቅናት። ቅጠሉን እናቴ ራሷ እየወቀጠች አጠጣቻት። አያ ሣህሉም ዋገምት አደረገላት፤ ጀርባዋን በምላጭ በጥቶ ክፉውን ደም በቀንድ ሳበው። እጁ የተመሰገነ ነው፤ ከየገጠሩ ይመጡለታል። እንዳይጋባባት ብሎም ያኑ ዕለት ለኪዲ ጀርባዋ ላይ ትንሽ በጣ በጣ አደረገላት። ያልሞከርነው የለም። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነ።

ኪዲ ይኸው እያደገች ነው። የጎረቤት ልጆች ሲጠይቋት «እማዬ እናቷ ዘንድ ናት» ትላቸዋለች። እኛም አላረምናትም።

ልጅዎ ክንዱ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክንዱ፤

ደብዳቤህን ቀስ ብዬ አነበብሁት። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝና ፈጥኜ አላነብም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል በነበርሁ ጊዜ ሥራዬ የተበጠሰ ክር ፈልጎ መቀጠል ነበር፤ ያንተንም እንደዚያ ይዤ አነበብሁት። የተበጠሰበትን አገኘሁት።

ኅዳር ላይ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወንጌላዊት ቤቴ መጥታ ነበር።

«ሔራን አለች?» አለችኝ።

«ሔራን ያገባችው ቆላ ድባ ነው። እዚህ ምን ልትሠራ ትመጣለች?»

«እናቷ ዘንድ ናት ብለውን ነው።»

«እናቷ እኔ ነኝ። ጓዳ ደብቄያት እንደሆነ ግቢና ፈልጊ!» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። «የመጣች እንደሆነ ወደ እኔ ትምጣ፤ አይቆይ» ብላ ሄደች። የክትባት ነገር መስሎኝ ረሳሁት።

አሁን ደብዳቤህን ይዤ ሄድሁባት። አንብባ ስትጨርስ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ነገረችኝ። አምና ሐምሌ መንግሥት ስለ ጉበት ቫይረስ በነጻ ሲያስመረምር ሔራን ጣቷን ተወግታ ተመርምራለች። ሲ የሚባለው ዓይነት ተገኘባት። ክትባት የለውም፤ መድኃኒት ግን አለው፤ ሦስት ወር የሚዋጥ ክኒን ነው፤ በመንግሥት በኩል ይሰጣል። የቀራት ከክንዷ ደም ሰጥታ ማረጋገጥ ነበር። ያኔ ገና ጊዜ ነበራት አለችኝ። እናንተ አገር ያለችው ነርስ ቤታችሁ ድረስ ተመላልሳለች። ምን አላችኋት? «ባሕር ዳር ሂዳለች፤ እናቷ ዘንድ ናት።» ነርሷም መልእክቱን በጤና ቢሮ በኩል ወደዚህ ላከችው።

አየህ ክንዱ? ለነርሷ እኔ ዘንድ ናት አላችሁ፤ ለእኔ እናንተ ዘንድ ደህና ናት አላችሁ። ልጄ በመካከል፣ ጣራችሁ ሥር ተኝታ፣ ፈላጊ አጥታ ሞተች።

ወንጌላዊትንም አልማርኋትም። «ኅዳር ላይ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት። «የታማሚ ምስጢር ነው፤ ለራሷ እንጂ ለእናትም አይነገርም» አለችኝ። እናንተ ስለ ወግ ደበቃችሁ፣ እሷ ስለ ሕግ ደበቀች፤ ቤቴ የገባው ግን ያው አንድ መርዶ ነው።

መርፌ እንዳይነካት ጠበቅናት ትላለህ። መርፌው ለአንድ ሰው ከጥቅሉ ወጥቶ የሚጣል ነው። የሣህሉ ምላጭስ? ከሔራን ጀርባ ተነሥቶ ወዴት ሄደ? ራስህ ጽፈህልኛል እኮ፤ ወደ ኪዲ ጀርባ። ይኸ በሽታ የሚሻገረው በደም ነው። ወፍ የለበትም።

ሔራን አትመለስም። ኪዲን አስመርምራት።

ደብዳቤዬን በመንገድ የምታነቡትም፣ ስትጨርሱ እንደ ነበረው እጠፉት። የፊተኛው ተጨማዶ ደረሰ አሉኝ።

ፀሐይወርቅ


ቆላ ድባ
ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፤

ደብዳቤዎን እናቴ ፊት ጮክ ብዬ ማንበቤ ስሕተት ነበር። ከመካከሉ አቋረጥሁት። «ምራቴን ገደልሽ ነው የምትለኝ?» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ እህልም አልቀመሰች።

ነርሷን እንዲያ ያልናት በክፋት አይደለም። መርፌ ይዛ ስትመላለስብን ምን እንበላት? ሔራን ራሷም «አለች አትበሏት» ብላ ለምናናለች። ፈርታ ነበር። ይህን ልነግርዎ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን የደበቅሁት ሁሉ ተመልሶ ስለሚመታኝ ነገርሁዎ።

ኪዲ ደህና ናት። ትሮጣለች፣ ትበላለች፣ ዓይኗ እንደ ወተት ነው። የወፍ ኖሮባት መርፌ ቢነካትስ? እናቴ «አንዷን ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛዋን በእጄ ለመርፌ አልሰጥም» ብላለች። እኔም ከእናቴ ቃል አልወጣም።

ስለ መቃብሯ ቢጠይቁኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከወይራው ሥር ነው። ጥላ አለው።

ልጅዎ ክንዱ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክንዱ፤

«ኪዲ ደህና ናት» ብለህ ጽፈሃል። ይህችን ቃል ካንተ አልቀበልም። ደህና ናት ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ከፍዬ ተምሬአለሁ።

ሔራን ራሷ ደብቁኝ ብላ ነበር ያልኸው ሲያመኝ ሰነበተ። ኋላ አመንሁህ። ልጅ ሳለችም መርፌ ትፈራ ነበር፤ ከታቢዎች መጡ ሲባል አልጋ ሥር ትገባለች። እኔ ግን እግሯን ይዤ ጎትቼ አወጣት ነበር። ትጮኻለች፣ ትነክሰኛለች፤ አወጣት ነበር። የፈራን ሰው ጎትተው ያወጡታል እንጂ አብረውት አልጋ ሥር አይገቡም።

ከዚህ በታች ያለውን ለእናትህ አንብብላት። እንዳታቋርጥ።

ወይዘሮ ፍቅረ ማርያም፣ ሔራንን እንደ ልጅዎ እንደያዙልኝ አውቃለሁ። ቅጠል ሲወቅጥ የከረመ እጅ የጠላት እጅ አይደለም። ገደሉብኝ አላልሁም። ነገር ግን ያ ቅጠል ለታመመ ጉበት ተጨማሪ ሸክም ነው ብለውኛል፤ ይህንንም አልደብቅዎትም፤ መደበቅ ሰልችቶኛል። መርፌ ይገድላል ካሉ እኔን ይዩኝ። ወንጌላዊት ዘንድ ሄጄ ከክንዴ ደም አስቀዳሁ፤ ይኸው ተቀምጬ እጽፋለሁ። እርስዎም ለወገብዎ ሣህሉ ዘንድ ይሄዱ እንደነበር ሔራን አጫውታኛለች። ሐምሌ ሃያ አንድ እንደ አምናው በነጻ ይመረመራል ተብሏል። ኪዲን ይዘው፣ እርስዎም አብረው ይመርመሩ። እኔና እርስዎ በአንዲት ልጅ የተገናኘን ሰዎች ነን፤ እሷ ሄደች፤ የቀረችን ኪዲ ናት። አንዱ አያት ሌላውን አያት ሲለምን እንቢ አይባልም።

ክንዱ፣ ይህ ሁሉ ተነግሮ እንቢ ካላችሁ እኔ እመጣለሁ። ኢስሀቅን ጠይቄዋለሁ። «ሰው መጫን አስቸጋሪ ነው፤ ግን እማማ እርስዎ እንደሆነ ከአንድ ቅርጫት ዓሣ አይበልጡም፤ ሸራ አለብስዎታለሁ» ብሎኛል። ዓሣ መስዬም ቢሆን እመጣለሁ።

ፀሐይወርቅ


ቆላ ድባ
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፤

ዓሣ መስለው መምጣት አያስፈልግዎትም። ኪዲን አስመርምረናል።

እናቴ ምን ሰምታ እሺ አለች ቢሉኝ፣ የእርስዎን ደብዳቤ ሰምታ አለቀሰች እንጂ እሺ አላለችም። እሺ ያሰኛት አያ ሣህሉ ነው። በሐምሌ መግቢያ የእሱም ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ራሱን ሳተ። ልጆቹ ጨንቋቸው በቃሬዛ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። እኛም ሞቱን ስንጠብቅ እናቴ እህል ገበያው ላይ ቆሞ አገኘችው። አብሬያት ነበርሁ።

«አያ ሣህሉ! ሞተ ሲሉኝ ነበር እኮ!» አለችው።

«ልሞት ነበር፤ ሐኪሞቹ እንደ ወንፊት በሳሱኝ፤ ይኸው ተሻለኝ።»

«በመርፌ?»

«በመርፌ ነዋ! በምን ሊበሱኝ ኖሯል፣ በቀንድ?» ብሎ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። የገዛችውን ጤፍ እዚያው ትታው ወደ ቤት ሄደች። ሐምሌ ሃያ አንድ ጠዋት ኪዲን አጥባ፣ የጥምቀት ቀሚሷን አልብሳ፣ «ተነሥ፣ እንሂድ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ግማሹ የአያ ሣህሉን ምላጭ የሚያውቅ ጀርባ ነው። ማንም ማንንም አያይም። ነርሷ እኔን ስታይ ዓይኗ ተንከራተተ፤ «ሔራንስ?» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ነርሷ ጣቷን ስትወጋት ኪዲ አላለቀሰችም፤ «ደሜን ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ?» አለቻት።

እናቴ ነጻ ናት። እኔም ነጻ ነኝ። ኪዲ ላይ ተገኘ። ከክንዷ የተቀዳውም ደም ተልኮ ያንኑ አለ። ዶክተሩ «ከምላጩም ሊሆን ይችላል፣ ስትወለድ ከእናቷም ሊሆን ይችላል፤ አሁን መለየት አይቻልም» አለን። የልጅ መጠን ያለው ክኒን እስኪመጣ እንድንጠብቅ ተነግሮናል። እናቴ «እርስዎ ነጻ ነዎት» ባሏት ሰዓት ፊቷን ቧጠጠች። «የሷን ለእኔ ያላደረገው ምን አድርጌው ነው?» አለች።

ስለ አያ ሣህሉ ቢጠይቁኝ፣ ቀንዱን ሰቅሏል። ሰው ግን አሁንም በሩን ያንኳኳል።

ልጅዎ ክንዱ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክንዱ፤

ዘመኑ ተለወጠ፤ እንኳን አደረሰህ የምልበት አፍ የለኝም።

ከየትም ይምጣ። ከምላጩ ነው ብዬ አልከራከርህም፤ አንተም ከእናቷ ነው ብለህ አታምልጥ።

የእኔን ውጤት አልጠየቅኸኝም፤ ልንገርህ። ነጻ ነኝ። ሁለት አሮጊቶች ጤነኛ ሆነን ቀረን።

ክኒኑ የመጣ ዕለት ጀምሩ። ረሳሁ፣ እንግዳ መጣ፣ ጾም ነው አይባልም። ሌላም ነገር አለ። ኪዲን «እናትሽ እናቷ ዘንድ ናት» አትበሏት። እኔ ዘንድ የለችም። ወይራው ሥር ውሰዳትና ንገራት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ትችለዋለች። እኔ እንዳወቅሁት እሷ አትወቀው፤ ሁሉም ሰው ካወቀ በኋላ።

በኢስሀቅ እጅ የላክሁት ሹራብ የሔራን የልጅነቷ ነው። ክርኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ፀሐይወርቅ


ቆላ ድባ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፤

ክኒኑን ኅዳር ላይ ጀምራ የካቲት ላይ ጨርሳለች። አንድ ቀን አላመለጣትም፤ እናቴ ራሷ በአፏ ታደርግላት ነበር። ከዚያ በኋላ ጠብቁ የተባልነውን ጠብቀን ሰሞኑን ደሟ ታየ። ዶክተሩ «ጠርቷል፤ ቫይረሱ የለም» አለኝ። እናቴ መሬት ሳመች። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ወደ ውጭ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

ወይራው ሥር ወስጄ ነግሬያታለሁ። ከዚያ «እሷስ ይኸን ክኒን ለምን አልዋጠችም?» አለችኝ። ነጋ ጠባ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

ልጅዎ ክንዱ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪዲ አባት ለክንዱ፤

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ኢስሀቅ አብሮኝ ቆሞ ነበር። «ደግ ነው ክፉ?» አለኝ። «ደግ ነው» አልሁትና ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። «እማማ፣ ደጉ እንዲህ ከሆነ ክፉውን አላመጣልዎትም» አለኝ።

ኪዲ ድናለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ከልቤ ነው የጻፍሁት። ግን እንግዲህ ይኸው ነበር? የሰባት ዓመት ልጅ ሹራብ ለብሳ፣ በውኃ የምትውጠው ክኒን? ሔራኔን የወሰዳት እኮ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ተራራ ይመስለኝ ነበር። ኪዲ በዳነች ቁጥር እናቷ እንደገና በከንቱ ትሞትብኛለች። ደስታዬም ሬት ሬት ይለኛል።

ምን ልበላት አልኸኝ። ደብቀናት ነበር በላት። ከሚያድኗት ሰዎች ደበቅናት፤ ክፋት አልነበረም፤ ግን ደበቅናት በላት። አሁን ታለቅስብሃለች፤ አድጋም ትጣላሃለች። ይሁን። የሚጣላ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

እዚህ ምን እንደምሠራ ልንገርህ። ከወንጌላዊት ጋር በየቤቱ እዞራለሁ። ተመርምረው ውጤታቸውን ለመስማት ያልመጡ አሉ፤ ክኒኑን ጀምረው የተዉ አሉ። እሷ ስማቸውን ትጠራለች፤ የማን ውጤት ምን እንደሆነ ለእኔ አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። «አለች?» ስትል «የለችም፤ ዘመድ ዘንድ ሂዳለች» ይሏታል። እሷ ለመመለስ ፊቷን ታዞራለች። እኔ አልመለስም። በሩ ላይ እቀመጣለሁ። «እስክትመጣ እጠብቃለሁ፤ ሥራ የለኝም፤ ልጄም ሞታብኛለች» እላለሁ። ይሰድቡኛል። አንዷ የእግር ውኃ ደፍታብኛለች። አንዳንዴ ግን ትንሽ ቆይቶ ከጓዳ የሰው ሳል ይሰማል።

አሁን ቃሌ ላንተ ሳይሆን ይህን ደብዳቤ በመንገድ ለምትከፍቱት ነው። ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ከዚህም ወገን ሁኑ ከዚያም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለቀስሁትን ሁሉ ስታነቡ ከርማችኋል፤ ልጄን ከለቀስተኞቼ ይልቅ እናንተ ታውቋታላችሁ። ስለዚህ ዕዳ አለባችሁ። የቤት ስሟ ሔራን ነው፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል። ቀብሯ ላይ አልቆምሁም፤ ፍትሐቷን አልሰማሁም፤ አርባዋ ሲወጣ ስሟ ሲጠራ አልነበርሁም። ኢስሀቅ በሃይማኖቱ ዱዓ አደርግላታለሁ ብሎኛል፤ እናንተም በየሃይማኖታችሁ አድርጉላት። ወረቀቱን ከማጠፋችሁ በፊት፣ ጠመንጃም ይዛችሁ እንደሆነ ለጥቂት አስቀምጣችሁት፣ ስሟን ጥሩልኝ።

ወለተ ሚካኤል እናቷ ዘንድ የለችም። ቆላ ድባ ወይራው ሥር ናት። ነፍሷን ይማር በሉልኝ።

እናቷ ፀሐይወርቅ